ማስተካከያ፦ ባዶ የነዳጅ ታንክን መበየድ አደገኛ ነው

ስለሚያንጠባጥብ የሞተር ሳይክል ታንክ በሰፊው የተጋራ ጽሑፍ «ቤንዚኑን አውጥታችሁ በየዱት፣ ካልሆነ በሲሊኮን ድፈኑት» ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው። የብየዳ ደህንነት መመሪያዎች እንደሚያስረዱት ባዶ ታንክ ከሙሉው ይብሳል፤ ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ ይፈነዳል። ሰው ይሞታልና እባካችሁ ያንን ጽሑፍ አታጋሩ። ተራ ሲሊኮንም ቤንዚን ሲነካው አብጦ ይላቀቃል።

የመርፌ ጫፍ ለምታክል ቀዳዳ የሚሆነው ቤንዚን የሚቋቋም ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ (ሁለቱ ክፍሎች ተቀላቅለው የሚጠነክር ማጣበቂያ) ነው። ታንኩን ነፋሻ ቦታ ላይ አውርዳችሁ ባዶ አድርጉና አድርቁ። በቀዳዳው ዙሪያ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፤ በእጅ ብቻ፣ ግራይንደር ብልጭታ አለው። ቅባቱን በአሴቶን ጠርጋችሁ ኢፖክሲውን ለጥፉ፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሰዓት ሳይሞላ ቤንዚን አይግባ። ዝገቱ ከውስጥ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ ይበሳልና ታንኩን መቀየር ይሻላል።