ፒያኖው ጫፍ ሳይደርስ አትቁረጡት

ባለፈው እሑድ የዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ ስልክ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ እየው! ሰውየው ጫማ ይበላል!» አየሁት። ቻርሊ ቻፕሊን ነው። የተቀቀለ ጫማ በቢላዋ ይቆርጣል፤ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ በሹካ እየጠቀለለ ይጎርሳል። ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወዲያው በጣቱ ገፋ አደረገውና ሌላ ቪዲዮ መጣ። ሃያ ሰከንድ እንኳ አልሞላም።

ቅር አለኝ። ያን የመሰለ ሥራ ተቆራርጦ ስለደረሰው ነው ቅር ያለኝ።

ትዕይንቱ እ.ኤ.አ. በ1925 ከወጣው «ዘ ጎልድ ረሽ» የተወሰደ ነው። ወርቅ ፍለጋ የወጡ ሁለት ሰዎች በረዶ መሃል ባለ ጎጆ ውስጥ ተዘግቶባቸዋል። የሚላስ የሚቀመስ የለም። ቀኑ ደግሞ በዓል ነው። ቻርሊ የገዛ ጫማውን ቀቅሎ፣ የክብር እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ተጠንቅቆ ያቀርባል። ሚስማሩን እንደ አጥንት ይመጥጣል። ጫማው ለቀረጻው ከጥቁር ከረሜላ የተሠራ ነበር። ረሃቡን ላላየ ተመልካች ግን ይሄ ሁሉ ጫማ የሚበላ ሰው ብቻ ነው።

ቻፕሊን ደግሞ ረሃብን በወሬ አላወቀውም። በ1889 ለንደን ተወለደ። አባቱ በመጠጥ ተጎድቶ ገና በልጅነቱ ሞተበት። እናቱ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ትመላለስ ነበር። በሰባት ዓመቱ የድሆች ማደሪያ ገብቷል። ጫማውን ሲበላ ፊቱ ላይ የምናየው ጨዋነት ከዚያ ዘመን የመጣ ይመስለኛል። ባዶ ሆድም ሆኖ በሥርዓት ይበላል።

የሌላው የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን፣ የባስተር ኪተንም ነገር እንዲሁ ነው። በ1928 በወጣ ፊልም የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ እንዳለ በላዩ ላይ ይወድቃል። እሱ የቆመው ልክ የመስኮቱ ክፍተት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ግድግዳው የምር ነው፤ ትንሽ ቢዛነፍ ሰውየው አልቆለት ነበር። ይህም ቪዲዮ ያለ ስሙ ከስልክ ስልክ ይዞራል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በኮምፒውተር የተሠራ መስሎት ነበር።

ሲቆረጥ ጭራሽ የሚሞተው ግን የሎረል እና ሃርዲ ሥራ ነው። ቀጭኑ እንግሊዛዊ ስታን ሎረልና ወፍራሙ አሜሪካዊ ኦሊቨር ሃርዲ በ1932 «ዘ ሚውዚክ ቦክስ» የሚል የግማሽ ሰዓት ያህል ፊልም ሠርተው ኦስካር አግኝቷል። ታሪኩ አንድ ፒያኖ ረጅም ደረጃ ላይ ማውጣት ነው። በቃ። ደረጃው ዛሬም ሎስ አንጀለስ ውስጥ አለ፤ ከመቶ በላይ እርከን አለው። እየገፉ፣ እየጎተቱ ያወጡታል። የሕፃን ጋሪ የያዘች ሞግዚት ትመጣለች። መንገድ ሊለቁላት ሲሉ ፒያኖው ተንሸራቶ ታች ይደርሳል። እንደገና ያወጡታል። እንደገና ይወርዳል። እኛም ሊወርድ መሆኑን እያወቅን፣ ሆዳችንን ይዘን እንጠብቃለን። ሳቁ ያለው እዚያ መጠበቁ ውስጥ ነው። በሃያ ሰከንድ ውስጥ ምን ይጠበቃል?

ልጆች ረጅም ነገር አያዩም የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ ቶም እና ጄሪ አለ፤ አንዱ ክፍል ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። እኔ ያየሁት ጎረቤት ቤት ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ወለሉ ላይ እንደረደር ነበር። እንግሊዝኛ የሚሰማ ከመካከላችን አልነበረም። ግን ማን ምን እንዳለ የሚተረጉምልን ታላቅ ወንድም አላስፈለገንም። ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ በ1940 የጀመሯቸው ድመትና አይጥ አይናገሩም ማለት ይቻላል። የሚናገርላቸው የስኮት ብራድሊ ሙዚቃ ነው። ጄሪ በእግሩ ጣት ሲያደባ ሙዚቃውም አብሮት ያደባል። ቶም ሲመታ የሚጮኻት ያቺ ጩኸት ደግሞ የራሱ የሃና ድምፅ ናት። ሰባት ኦስካር ያገኙት በዋዛ አይደለም።

መሸፋፈን የሌለበት ነገር አለ። በ1940ዎቹ ክፍሎች ውስጥ ጥቁሮችን የሚያዋርዱ ቀልዶች አሉ። ፊቷ የማይታየው ጥቁር የቤት ሠራተኛ የዚያ ዘመን ንቀት ውጤት ናት። ልጅ ሳለሁ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬ ሳየው ያመኛል። ይህን ለብቻው ስልክ ላይ ያየ ልጅ ማን ያስረዳዋል? አጠገቡ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ነው የሚያስረዳው።

እነዚህን ቪዲዮዎች የምትለቁ ወጣቶች፣ እባካችሁ ቢያንስ የሰውየውን ስም፣ የፊልሙን ርዕስና ዓመቱን ጻፉበት። ሙሉውን ማየት የፈለገ ፈልጎ ያገኘዋል። ወላጆችም በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን አስቀምጣችሁ አንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አብራችሁ እዩ።

እኔ የዚያኑ ዕለት ማታ ሞከርኩት። የፒያኖውን ፊልም ከፈትኩ። መጀመሪያ ልጁ ተቁነጠነጠ። ፒያኖው ሁለተኛ ጊዜ ሲንሸራተት ወደ እኔ ጠጋ አለ። በመጨረሻ ሁለቱ ላብ በላብ ሆነው ጫፍ ደረሱ። ፖስታ አመላላሹ መጣና በጋሪ የሚያስወጣ መንገድ እንዳለ ነገራቸው። ሎረል እና ሃርዲ ተያዩ። ጎንበስ ብለው ፒያኖውን ያዙት።

ልጁ ከሶፋው ዘሎ ተነሳ። «ጋሼ፣ እንዳያወርዱት! በላቸው እንዳያወርዱት!»