ሹፌሩን ማን ገደለው?

የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲው የሬይመንድ ቻንድለር መጽሐፍ «ዘ ቢግ ስሊፕ» በ1939 ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አንድ ሹፌር ከነመኪናው ባሕር ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ማን ገደለው? መጽሐፉ አይነግረንም። መጽሐፉን ወደ ፊልም ሲለውጡ ግራ የገባቸው ሰዎች ደራሲውን ጠየቁት። እሱም አላውቅም አላቸው።

ይህን የሚያነሡት ቻንድለርን ለማሳጣት ነው። ሐሰት አይደለም። መጽሐፉን የሠራው ቀድሞ በመጽሔት ያወጣቸውን አጫጭር ታሪኮች ቀጣጥሎ ነው፤ ስፌቱ ይታያል። እኔ ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ሹፌሩ አንድም ቀን እንቅልፍ ነሥቶኝ አያውቅም። የምመለሰው ለሎስ አንጀለስ ዝናብ ነው። ኦርኪድ በሞላበት ሙቀት ቤት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ለሚቀመጠው ሽማግሌ ጄኔራል ነው። ለመርማሪው ለማርሎው ምላስ ነው።

ይልቅ የምወቅሰው በሴቶቹ ነው። ቆንጆ ሴት ብቅ ካለች ወይ ልታታልል ነው ወይ ልትገድል። ሌላው የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ዳሺል ሃሜትም ከዚህ አያመልጥም። እሱ ግን ፒንከርተን በተባለው የመርማሪዎች ድርጅት በግል መርማሪነት ስለሠራ፣ ሰው እንዴት እንደሚሰለል ያውቃል። ከ1929 እስከ 1934 አምስት ልብ ወለድ አወጣ። ከዚያ በ1961 እስኪሞት ሌላ አላሳተመም። በየዓመቱ ያንኑ መርማሪ፣ ያንኑ ውስኪና ያንኑ ፍቺ ይዘው ለሚመጡት የዛሬ ደራሲዎች ይህ ዝምታ ትምህርት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ ነገሩን ገለበጠችው። የ1955ቱ ልብ ወለዷ ዋና ሰው ሪፕሊ ነፍሰ ገዳይ ነው። እንዳይያዝ ስሳቀቅለት አመሸሁ፤ ኋላ በራሴ አፈርኩ። ሰዎቿ ግን ይበርዳሉ። የሚወደድ አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

ከሁሉም የማዳላው ለቼስተር ሃይምስ ነው። መጻፍ የጀመረው በዘረፋ ተፈርዶበት ኦሃዮ እስር ቤት ሳለ ነው። በኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ስለሚሠሩት ሁለት መርማሪዎቹ መጻፍ የጀመረው ፓሪስ ሆኖ ነው፤ በ1958ም ፈረንሳዮች ሸለሙት። ሴራው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ድብደባው ይበዛል። ያስቃል ደግሞ፤ ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል እንጂ።

በ1969ኙ መጽሐፉ መጨረሻ ሁለቱ መርማሪዎች ወንጀሉን ሳይፈቱ አይጥ ሲተኩሱ እናገኛቸዋለን። ሰፈሩ ውስጥ የተነሣውን ሁከት ማን ጀመረው ሲል አለቃቸው ይጠይቃል። ሽጉጥ የያዘ ዓይነ ስውር ነው ይሉታል። ይህ ትርጉም አይሰጥም ይላል አለቃው። እነሱም አዎ፣ አይሰጥም ይላሉ።