ካርታውን አያችሁ፤ አፈሩንስ?

ይህን የምጽፈው የግንባታ ፈቃድ የሚባል ነገር ይቅር ለማለት አይደለም። ወሎ ውስጥ ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ ቤት መሥራት በሰው ነፍስ መጫወት ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ነፍስ ለማዳን የወጣ ሕግ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወረቀት ጠባቂ ሆኖ ቀርቷል። ካርታ ያያል፣ ማኅተም ያያል፣ የዘመኑን ግብር ደረሰኝ ያያል። ቤቱ የሚቆምበትን አፈር ግን ሄዶ የሚያይ የለም።

ወሎን የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ውሃ ተዳፋት ላይ ያለውን ቤት ሁሉ መሠረቱን እየላሰ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። የመሬት መንሸራተት ለደሴ ሰው በሬዲዮ የሚሰማ የሩቅ ዜና አይደለም። ወደ ቆላው ስንወርድም ያለነው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በካራ ቆሬ አካባቢ በ1953 ዓ.ም. የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ የተባለችውን ከተማ አፈራርሷታል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ ጎፋ ላይ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን በናዳ አጥተናል። እንዲህ ባለ አገር «መሠረቱ ምን ላይ ነው የሚያርፈው?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መሆን ነበረበት። እኛ ዘንድ ግን የመጨረሻውም አይደለም፤ ጭራሹን የሚጠይቀው የለም።

የራሴን ጉዳይ ልናገር። የከተማዋን ስምም ሆነ የመሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ የማንንም እንጀራ ለመዝጋት አልተነሣሁም። አክስቴ ከአባቷ የወረሰችው የጭቃ ቤት አላት። ቤቱ ተዳፋት ላይ ነው። በታች በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ጎረቤት ጓሮ አዘንብሏል፤ ማገሩ በስብሶ ጭቃው በየክረምቱ ይናዳል። ልጆቿ አዋጥተው ቤቱን አፍርሳ ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቤት፣ ከነደጋፊ ግንቡ እንድትሠራ ወሰኑ። ፎቅ አይደለም፣ ሆቴል አይደለም። ሦስት ክፍል ቤት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። ባለ አንድ ወለል ሆኖ ሕንጻውን በሚሸከሙት ዓምዶች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠው ምድብ «ሀ» ይባላል። ሕዝብ የሚገለገልበት፣ ፋብሪካ ወይም ቁመቱ ከ12 ሜትር በላይ የሆነው ምድብ «ሐ» ነው። በመካከል ያለው ምድብ «ለ» ነው። ይህ አከፋፈል ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ አደጋው ከፍ ባለ ቁጥር ጥያቄውና ቁጥጥሩ እንዲከብድ፣ ዝቅ ባለ ቁጥር እንዲቀል ታስቦ ነው። የአክስቴ ቤት ያለ ጥርጥር ምድብ «ሀ» ነው። የደረሰባት ደጅ ጥናት ግን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ለሚያስገነባ ባለሀብት እንኳ የሚከብድ ነው።

በቅድሚያ የውርስ ማስረጃ አምጪ ተባለች። ይህ ተገቢ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ያልተያዘ የቆየ መሬት፣ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ስለሚገባ፣ መሬቱ በምን መንገድ እጇ እንደገባ ማወቅ ሥራቸው ነው። የፍርድ ቤቱን ወረቀት አቀረበች። ቀጥሎ ግን «እማማ፣ ፋይልዎ የለም» አሏት።

የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ላይ ሲያልፍ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ መዝገብም ተበትኗል። ይህን ማንም አይክድም፤ ሁላችንም ያለቀስንበት ነው። ነገር ግን ፋይሉ የጠፋው ከአክስቴ ሣጥን አይደለም። እሷ በ2014 ዓ.ም. ተፈናቅላ ስትወጣ ካርታዋን በመቀነቷ ቋጥራ ወጥታ፣ በመቀነቷ ቋጥራ ተመልሳለች። መጠበቅ የነበረበት መሥሪያ ቤት አጥቶት፣ ጠብቃ ያቆየችው ሴት «አረጋግጪ» ትባላለች። ከቀበሌ ደብዳቤ፣ የጎረቤት ምስክር፣ የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ የመብራት ደረሰኝ፤ ሁሉንም አሟላች። እኔ በዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ ኖሮ እንዲህ ያለችውን ሴት ተነሥቼ አመሰግናት ነበር። ከእሷ ካርታ ላይ ገልብጦ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ማደራጀት ሲቻል እሷን ማንከራተት ምን ይባላል?

ፋይሉ እንደገና ተከፈተላት። አሁን ደግሞ ልኬቱ አልገጠመም። የድሮው ካርታ በሜትር ገመድ የተለካ ነው፤ የአሁኑ ቀያሽ የሚለካው በመሣሪያ ነው። ተዳፋት መሬት በገመድ ሲለካና በመሣሪያ ሲለካ እኩል እንደማይመጣ ሙያውን የነካ ሁሉ ያውቃል። ገመዱ የመሬቱን ጀርባ ተከትሎ ይወርዳል፤ መሣሪያው አግድሙን ይወስዳል። አክስቴ ከማንም መሬት አልገፋችም፤ የወሰን ድንጋዩም ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ያለበት ነው። ቢሆንም «የልኬት ማስተካከያ» የሚባል ሌላ ጉዳይ ተከፈተ። እሱ ደግሞ የሚታየው በሌላ ክፍል ነው። ያ ክፍል ቀያሽ እስኪመደብ ጠብቁ ይላል። ቀያሹ ተሽከርካሪ የለኝም ይላል። ሰዎች በጎን «መኪና ተከራይታችሁ ምሳውንም ችላችሁ ውሰዱት» ብለው መከሩን። አላደረግነውም። ደመወዝ የሚከፈልበትን የመንግሥት ሥራ በምሳ የሚያስጀምር ሰው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ድሀ በር እየዘጋ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ የዲዛይኑ ጉዳይ ነው። ለፈቃዱ የሕንጻ ፕላን ያስፈልጋል። የሚሠራልን ሰው ስንፈልግ አንዱ ያለ ኀፍረት «ዝግጁ ፕላን አለኝ፤ ስምና የቦታ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀየረው» አለን። ቦታውን ማየት አይፈልግም ወይ ብለን ጠየቅነው። አያስፈልግም አለ፤ «በዚህ ፕላን ብዙ ሰው ፈቃድ አውጥቶበታል» አለ። ፕላኑን ገልጠን አየነው፤ ለሜዳ የተሠራ ነው። የመሬቱ ቁልቁለት የሚባል ነገር የለበትም፣ ደጋፊ ግንብ የለበትም፣ ውሃ የሚወጣበት ቦይ የለበትም። ማኅተሙ ግን አለው። እንዲህ ያለ ወረቀት ፈቃድ አግኝቶ ቤት ሆኖ ቆሞ፣ ሰው ልጆቹን ይዞ ከሥሩ ይተኛል። እኔ ይህን ካወቅሁ ጀምሮ በከተማው ውስጥ ስሄድ ተዳፋት ላይ ያለውን አዲስ ቤት ሁሉ እያየሁ እሳቀቃለሁ።

የሰፈራችን ግንበኛ፣ ዕድሜያቸውን በድንጋይና በጭቃ ያሳለፉ አዛውንት፣ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረው አዩና ማንም ያልነገረንን ነገሩን። «ይህ ላዩ ድልድል ነው፤ አባትሽ ሜዳ ለማድረግ የሞላው አፈር ነው። ድፍኑ፣ ያልተነካው ጠንካራ መሬት፣ እስኪገኝ ካልተቆፈረ ቤቱ ከነመሠረቱ ይሄዳል» አሏት። ቀጥለውም ስለ ደጋፊ ግንቡ አስረዱን። ግንብ የሚጥለው ብዙ ጊዜ አፈሩ ሳይሆን ከጀርባው የሚጠራቀመው ውሃ ነው። ስለዚህ ከጀርባው ውሃ የሚያሳልፍ ድንጋይ ይሞላል፣ በግንቡ ፊት ደግሞ ውሃው የሚተነፍስበት ቀዳዳ ይተዋል። ይህን ሁሉ የነገሩን ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው። ፈቃድ ከሚሰጡት መካከል አንድ ሰው መጥቶ እንዲህ ቢለን ኖሮ የጠየቁንን ወረቀት ሁሉ በደስታ እናመጣ ነበር።

ከአክስቴ በላይ በኩል ያለውን ቤት ሳልናገር ባልፍ ደግሞ እውነቱን መሸፈን ይሆንብኛል። ቤቱ ያለ ፈቃድ ነው የተሠራው። ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓል ቀናት፣ ማታ ማታ እየተሠራ ቆመ። የጣራው ውሃና የግቢው ፍሳሽ በቀጥታ ወደ እኛ ይወርዳል። በልግ ሲዘንብ ጭቃው ደጃፋችን ይደርሳል። ልናመለክት ሄድን። ያገኘነው መልስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ፋይል የለውም፤ በምን እንከታተለው?» ፋይል ያላት አክስቴ በአንድ ክንድ የልኬት ልዩነት ትቆማለች፤ ፋይል የሌለው ሰው የሚጠይቀው ስለሌለ ይሠራል። ሕጉ ግን ለሕንጻ ሹሙ ሥልጣን የሰጠው ግንባታን ለመቆጣጠር ነው፣ ያለ ፈቃድ የሚሠራውንም ለማስቆም። ከመዝገብ ቤት ውጭ ያለው ከተማ የማን ነው ታዲያ? ፈቃድ የጠየቀውን ብቻ መቆጣጠር ሕግ አክባሪውን መቅጣት ነው። ሰው ይህን እያየ ነው ወደ ማታ ግንባታ የሚሄደው፤ ሕግ ስለሚጠላ አይደለም።

ባለሙያዎቹን በጅምላ አልወቅስም። እዚያ ቢሮ ውስጥ ጠዋት ገብተው እስከ ማታ የሰው ክምር የሚያስተናግዱ ወጣት መሐንዲሶች አሉ። አንዷ፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቆማ የጎደለንን አንድ በአንድ ጽፋ ሰጥታናለች። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ መስኮት አንድ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር የሚነግረን፤ እሱን ስናሟላ ሌላው ይመጣል። እሷ የጻፈችው ግማሽ ገጽ ወረቀት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ስንት ሰው እንደሚያርፍ አስቡት። የሚያስፈልገው ሙጫና ማተሚያ ነው። ለዚህም በጀት የለም ከተባለ እኛ የሰፈሩ ነዋሪዎች እናሳትመዋለን።

የከተማው አመራሮች ይህን ካነበባችሁ ልመናዬ ይህ ነው። ሰው ወረቀት ሳታስቆጥሩት በፊት አንድ ባለሙያ ወደ ቦታው ላኩ፤ አፈሩን፣ ቁልቁለቱን፣ የውሃውን መውጫ አይቶ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ያ ገጽ ከፋይሉ ላይ ቀዳሚ ይሁን። ቦታውን ያላየ ሰው ማኅተም ያረፈበትን ፕላን አትቀበሉ። ሁለቱ ክፍሎቻችሁ በአንድ ኮሪደር ላይ እያላችሁ አክስቴን ደብዳቤ አመላላሽ አታድርጓት፤ በኮምፒውተር ተያዩ፣ እሱም ካልሆነ ተነሥታችሁ በር አንኳኩ። ያለ ፈቃድ ለተሠራው ቤትም ፋይል ክፈቱለት፤ ቢያንስ ፍሳሹን እንዲያዞር እዘዙት።

የአክስቴን ጉዳይ በተመለከተ የምጠይቀው ከዚህም ያነሰ ነው። የልኬቱ ክርክር እስኪያልቅ ቤቱ ይቆይ፤ እሷም ልጆቿም ተስማምተዋል፣ አንድ ክረምት ተከራይታ ታሳልፋለች። ግንቡ ግን የሚያርፈው ማንም በማይከራከርበት፣ ከወሰኑ ገባ ባለ የራሷ መሬት ላይ ነው። የታች ጎረቤቷም ልጆች አሉት፤ ግድግዳው ቢወድቅ የሚወድቀው እሱ ጓሮ ነው፤ ይሠራ ብሎ ፈርሞ ሰጥቶናል። የደጋፊ ግንቡን ፈቃድ ከቤቱ ነጥላችሁ ስጡን፣ ከሰኔ በፊት።