ማስተካከያ፦ የግራኩስ የመሬት ሕግ የግል ርስት አልወረሰም

ስለ ጥንታዊቷ ሮም ብዙ ሰው የተጋራው አንድ ጽሑፍ «ጢባርዮስ ግራኩስ የሀብታሞችን የግል መሬት ወርሶ ለድሆች አከፋፈለ፤ በኋላም ወታደሮች ገደሉት» ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

ግራኩስ የሮም ተራ ሕዝብ ተወካይ (ትሪቡን) ሆኖ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ133 ያወጣው ሕግ የነካው የመንግሥትን መሬት ነው። ሮም ጣሊያን ውስጥ በጦርነት የያዘችው መሬት ማለት ነው። አንድ ሰው ከዚህ መሬት ሊይዝ የሚችለው ጣሪያ 500 ዩገራ (የሮማውያን የመሬት መለኪያ)፣ ወደ 125 ሄክታር ገደማ ነበር። ልጆች ላሉት ግን ተጨማሪ ይፈቀድ ነበር። ከዚያ የተረፈው ለድሃ ዜጎች እንዲከፋፈል ተወሰነ።

ታዲያ ሀብታሞቹ ለምን ያን ያህል ተቆጡ? መሬቱን ለትውልድ ይዘውት ኖረዋል። ቤት ሠርተውበታል፣ ወይን ተክለውበታል፣ አባቶቻቸውን ቀብረውበታል። ሴት ልጆቻቸውን ሲድሩም አብረው ሰጥተውታል። በሕግ የመንግሥት ቢሆንም እነሱ እንደ ራሳቸው ነበር የሚያዩት። «የግል መሬት ወረሰ» ሲባል የጠቡ ዋና ምክንያት ይሰወራል፤ ለእኔ ከስህተቱ ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው።

ግራኩስን የገደሉት ደግሞ በስኪፒዮ ናሲካ የተመሩ ሴናተሮችና ተከታዮቻቸው ናቸው። የያዙት ዱላና የተሰባበረ አግዳሚ ወንበር ነበር። ከ300 በላይ ደጋፊዎቹም አብረው ተገደሉ።

ምንጮቹ ከ200 ዓመት በላይ ቆይተው በግሪክኛ የጻፉት የታሪክ ጸሐፊዎች፣ ፕሉታርክና አፒያን ናቸው። ሕጉን ለማስፈጸም የተቋቋመው የመሬት አከፋፋይ ኮሚሽን ግን ከግድያው በኋላም ሥራውን ቀጥሏል። የአባላቱ ስም የተቀረጸባቸው የድንበር ድንጋዮች ጣሊያን ውስጥ ተገኝተዋል።