የጮቄን ፎቶ በፋይል ላኩልኝ

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛዬ ባሕር ዳር ቢሮዬ ድረስ መጡ። ደብረ ማርቆስ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍቱ ነው። በሩ ላይ የሚሰቀል ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ባነር ፈልገዋል። መሃሉ ላይ ጮቄ ተራራ ከነጅብራው (ደጋ ላይ ከሚበቅለው ረጅም ተክል ጋር) እንዲሆንላቸው ነው። ዋጋ ተነጋገርን፣ ቀብድ ከፈሉ። ሲነሱ “ፎቶውን ከጎግል አውርደህ አስገባው ልጄ፣ ሞልቷል” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ሞልቷል። የሚታይ ፎቶ ሞልቷል። የሚታተም ግን የለም። ግራፊክስ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ጭንቅ ያውቀዋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት አሳንሶ ነው የሚያደርሰው። እኔ ጋ የሚደርሱኝ አብዛኞቹ ረጅሙ ጎናቸው 1280 ፒክስል፣ ማለትም 1280 ነጥብ ነው። ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ለብሮሹርና ለመጽሔት ግን ጥሩ ሕትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል። 1280ን ለ300 ስታካፍሉት 11 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ፎቶ ነው የሚወጣው። መዳፍ ታክላለች። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ ያን ያህል አይጠይቅም፤ በኢንች ከ50 ጀምሮ ያስኬዳል። ያችኑ ፎቶ ሦስት ሜትር ላይ ብዘረጋት ግን በኢንች 11 እንኳ አይደርስም። አንዷ ነጥብ ከሁለት ሚሊ ሜትር ትበልጣለች። የጤፍ ፍሬ ከዚያ ታንሳለች።

ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግኩ። ጮቄ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በእንግሊዝኛ “መታነቅ” ከሚለው ቃል ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። ስለዚህ መፈለጊያው ጉሮሮውን የያዘ ሰው ያመጣልኛል። “ኢትዮጵያ” የሚል ስጨምርበት አንድ ግሩም የጅብራ ፎቶ መጣ። መጠኑም በቂ ነው። መግለጫውን ሳነበው ግን የሰሜን ተራሮች ሆኖ አገኘሁት። ጅብራ ሁለቱም ጋ ይበቅላል። ለሌላ ሰው ልዩነት የለውም ይሆናል። ጮቄ ሥር ላደገ ሰው ግን አለው። እኛ ጋ ገብሱ ሽቅብ እስከ ላይ ይታረሳል፣ ጉብታው ክብ ነው። የሰሜን ገደል ሌላ ነው። ይህን ማርቆስ ላይ መስቀል ለእኔ ውሸት ነው።

ጓደኛዬ “በኤአይ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጉላዋ” አለኝ። ትንሿን ፎቶ አስገብቼ ሞከርኩ። ጥርት ብላ ወጣች። ጠጋ ብዬ ሳያት ግን የጅብራው ዘንግ የበቆሎ ራስ መስሏል። ፕሮግራሙ ያልተነገረውን ከራሱ ሞልቶታል። ለሌላ ነገር ይጠቅም ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይሆንም።

በመጨረሻ የተሻለውን መንገድ ያዝኩ። የወደድኩትን ፎቶ በፎቶ በሚፈልገው በጎግል ሌንስ አስገብቼ ከየት እንደመጣ ተከተልኩ። አምስት ገጽ ላይ አገኘሁት፣ አምስቱም ላይ የተለያየ አርማ ተለጥፎበታል። ጥግ ላይ ደብዘዝ ያለ ነገር አለ። የአንሺውን ስም ሰው ፍቆት ነው። ከአምስቱ በአንዱ ላይ ግን የስሙ ግማሽ ተርፏል። ማርቆስ ደውዬ አጠያየቅኩ። ሠርግ የሚያነሳ ልጅ ነው፤ በቀላሉ ተገኘ።

“ወንድሜ፣ ያችን ፎቶ እኮ ከሮብ ገበያ ከተማ ሽቅብ ሁለት ሰዓት በእግር ሄጄ ነው ያነሳኋት” አለኝ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። እንደተወሰደችበት ያውቃል። ማንም ደውሎለት አያውቅም።

ኦሪጅናሉን ከአሮጌ ሚሞሪ ፈልጎ አገኘውና ላከልኝ። ስከፍተው 1280 ነው። እሱም እንደ ፎቶ ልኮታል! “በፋይል ላክልኝ” አልኩት። የወረቀት ክሊፕ የምትመስለውን ምልክት ተጫን፣ “ፋይል” የሚለውን ምረጥ። አሁን 6000 በ4000 ፒክስል ደረሰኝ። አጉልቼ አየሁት። ጅብራው ቅጠል ላይ ጤዛ አለ። ራቅ ብሎ፣ ትንሿ ፎቶ ላይ ቡናማ እድፍ የሚመስለው ነገር፣ ለካ ፈረስ የሚስብ ሰው ነው። ጋቢ ለብሷል።

ደንበኛዬ ለፎቶ መክፈልን መጀመሪያ አልወደዱትም። “ኢንተርኔት ላይ ላለ ነገር ይከፈላል እንዴ?” አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚያስበው። ሕጉ ግን አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶን ከተነሳ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። አንድ ነገር ግን ይጠይቃል። ፎቶው የስብስብ አካል መሆን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተም፣ ወይም የባለቤቱን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ መያዝ አለበት። እንግዲህ ጥግ ላይ ያለችው ስም ጌጥ አይደለችም። እሷን የሚያጠፋ ሰው የልጁን መብት ነው የሚያጠፋው። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ የእኔው የሙያ ጓደኞች ናቸው። በፎቶሾፕ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እባካችሁ ተዉት። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ በነፃ የተለቀቀ ፎቶ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የአንሺው ስም እንዲጠቀስ ይጠይቃል።

ለፎቶ አንሺዎችም የምለው አለኝ። ከስምና ከአድራሻችሁ ጋር ቀኑን ጻፉ። ጢስ ዓባይን ውሰዱ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ፏፏቴ አብዛኛው አፉን ሞልቶ የሚወርድ ነው። የኃይል ማመንጫዎቹ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ግን በበጋ ብዙው ውሃ ወደ ተርባይን ይሄዳል። በጋ ላይ የሚመጣ እንግዳ ቀጭን ውሃ ያያል፣ ተታለልኩ ይላል። ፎቶው ነሐሴ ላይ እንደተነሳ ቢጻፍበት ኖሮ ይህ ቅሬታ አይመጣም ነበር።

ኦሪጅናሉንም አስቀምጡት። ስልክ ይጠፋል፣ ይቀየራል። ነሐሴ 2015 ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፎቶ በፍላሽ፣ በሰው እጅ ነበር የሚመጣልኝ። ያን ጊዜ ማንም አይመኘውም። ግን በሥራዬ ዘመን ጥራቱ ያልተነካ ፎቶ በብዛት ያገኘሁት ያኔ ነው። ፍላሽ ፎቶ አያሳንስም። የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎቻችንም ጮቄን፣ ግሽ ዓባይን፣ የጣናን ታንኳ በሙሉ መጠናቸው አንድ ቦታ ቢያስቀምጡልን፣ የአንሺውንም ስም ቢጽፉ፣ ግማሹ ጣጣችን ያልቅ ነበር። ባነር የሚያሠራ ሁሉ እዚያ ይሄዳል።

ደንበኛዬ በመጨረሻ ከፈሉ። የልጁንም ስምና ስልክ ከታች በኩል አስገባሁት፤ እሳቸውም አልተቃወሙም። ባነሩ በተሰቀለ በሳምንቱ ደወሉልኝ። የሮብ ገበያ ሰው አልፎ ሲያይ ቆሞ፣ ፈረስ የሚስበውን ሰውዬ በስሙ ጠርቶታል አሉኝ።