ሆደ ባሻ ድመትና ባለአደራዎቿ

ውጭ አገር ድመት ያለው ሰው መንገድ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤት የሚሰጠው ከነወረቀቱ ነው። የምግቡ ዓይነት፣ ስንት ግራም፣ በስንት ሰዓት፣ የሐኪሙ ስልክ፣ ሁሉም ተጽፏል። ተቀባዩ አይከፋውም፤ ወረቀቱ ካጠረበት እንዲያውም መልሶ ይጠይቃል። አገር ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ለአክስት ወይም ለእናት መዘርጋት ግን ድፍረት ነው። «ስንቱን ልጅ ያሳደግሁ ሰው ለድመት በወረቀት ልታዘዝ?» ቢሉ ማን ይፈርዳል? እነሱ ቤት ሰው አይጠፋም፤ ድመቷም ከዚህም ከዚያም ታገኛለች፣ አይጥም ትይዛለች። ምን እንደበላች መዝግቦ የሚይዝ የለም። ካስመለሰች ደግሞ «ሣር በልታ ነው» ይባልና ይታለፋል።

ሆዷ ጤነኛ የሆነ ድመት በሁለቱም አያያዝ ትኖራለች። ምግብ በተለወጠባት ቁጥር የምታስመልስ ወይም የሚያስቀምጣት (ሆደ ባሻ የምላት ይህችን ነው) ከሆነች ግን የቤተሰብ ደግነት ራሱ ጠላቷ ይሆናል። ይህን ስል እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ። ግን ባለቤቱ በሌለበት የዚህች ዓይነቷን ድመት ሲያሳምማት የማየው ረሃብ አይደለም፤ «አሳዘነችኝ» ብሎ የሚዘረጋ እጅ ነው። ወተት ይቀርብላታል፤ አብዛኞቹ ድመቶች ካደጉ በኋላ በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የሚፈጨው ኢንዛይም ስለሚያንሳቸው ያልተፈጨው አንጀት ውስጥ ውሃ ይስብና ተቅማጥ ያመጣል። ከገበታ የተረፈ ሥጋ ከነመረቁ ይሰጣታል፤ መረቁ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ፣ የበሰለም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርስ ነገር ነው። በአለርጂ ጥርጣሬ ሐኪም ልዩ ምግብ ያዘዘላት ድመት ከሆነች ነገሩ ይብሳል። የትኛው ምግብ እንደማይስማማት ለመለየት የሚደረገው እንዲህ ያለው ሙከራ ወደ ስምንት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ በመሀል ሌላ ሥጋ አንዲት ቁራሽ ከቀመሰች ውጤቱ የሚታመን አይሆንም። የሰጣት ሰው ደግሞ አይናገርም። ትንሽ ነገር ናት፣ ይህም ይነገራል ወይ ብሎ።

ውጭ ያለነው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብን። ቤቱ ባዶ ነው። ጎረቤት ቢኖርም በቀን አንዴ ብቅ ቢል ነው፤ ስለዚህ ሰዓት ጠብቆ ምግብ የሚያፈስ ማሽን ይገዛል። ማሽኑን አልነቅፈውም፤ ድመት በተፈጥሮዋ በቀን ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ የምትበላ እንስሳ ናት፣ ጥቂቷን ምግብ በየሰዓቱ ከፋፍሎ ማቅረቡ በአንዴ ጎርሳ ከማስመለስ ያድናታል። ግን አብዛኛው ማሽን የሚይዘው ደረቅ ምግብ ነው፤ እርጥቡ በክፍል ሙቀት ከጥቂት ሰዓት በላይ ከቆየ ይበላሻል። እናም የታሸገ እርጥብ ምግብ የለመደች ድመት ባለቤቷ በሄደ ቀን በድንገት ወደ ደረቅ ትዞራለች። በማግስቱ ተቅማጥ ይጀምራታል። በስልክ ሲነገረን «ናፍቃኝ ነው» እንላለን። ናፍቆቱ ይኖራል፤ የሆዷ ነገር ግን በአብዛኛው የምግቡ መለወጥ ነው። ሐኪሞች ምግብ ሲቀየር ከሰባት እስከ አስር ቀን ውስጥ፣ አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ፣ መጀመሪያ ሩቡን፣ ከዚያ ግማሹን እያሉ እንዲሆን የሚመክሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ በማሽን ልትበላ የታሰበች ድመት ልምምዱን የምትጀምረው ሻንጣ ከመታሰሩ ቀደም ብሎ፣ ባለቤቷ እቤት ሳለ ነው። ካልሆነ ምግቧን አለመቀየርና በቀን ሁለቴ የሚመጣ ሰው መፈለግ ይሻላል።

ምግቡ ሳይለወጥም የምትታመም አለች። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ድመቶችን ከአንድ ዓመት በላይ ተከታትሎ ነበር። የሚንከባከባቸው ሰው ሲቀየርና የመብያ ሰዓታቸው ሲዛነፍ፣ ጤነኞቹም ጭምር ያስመልሱ፣ ምግብ ይተዉ፣ ከመጸዳጃ ሳጥናቸው ውጭ ይጸዳዱ ነበር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ድመትን በእንስሳት ማደሪያ ማስቀመጥ ለሆደ ባሻዋ የመጨረሻ ምርጫ መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ቤቱ፣ ሰዉ፣ ሰዓቱ፣ ሽታው፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይለወጥባታልና። እዚህ ላይ የአገር ቤቱ ኑሮ ይበልጣል። ባለቤቱ ቢሄድም ድመቷን የሚያውቋት ሌሎች እዚያው አሉ፤ እጁም ድምፁም አይቀየርባትም።

የሰው መኖር ሌላም ጥቅም አለው። ማሽኑ ምግቡን ማፍሰሱን እንጂ መበላቱን አያውቅም። ካሜራ የተከሉም አይቻለሁ፤ ካሜራው ድመቷ ሳህኑ አጠገብ መቀመጧን ያሳያል፣ ሶፋው ስር ያስመለሰችውን ግን አያሳይም። ድመት ደግሞ እንደ ሰው ጾም የምትችል አይደለችም። ለጥቂት ቀናት ምንም ካልበላች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ሰውነቷ የራሷን ስብ ወደ ጉበቷ ያጎርፍና ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሥራ ያቆማል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። ሙሉ ቀን ምግብ ካልነካች ሐኪም ዘንድ ይደወላል። «ሲርባት ትበላለች» የሚለው አባባል ለድመት አይሠራም፣ እኔም ከብዙ ደግ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ።

እና ወረቀቱስ? ለአገር ቤት ሰው ወረቀት መስጠት ከከበደ ምግቡን ራሱን ወረቀት ማድረግ ይቻላል። ለእያንዳንዱ ቀን የሚበቃውን በትንንሽ ዕቃ ለክቶ፣ ቀኑን ጽፎበት መደርደር፤ ባዶውን ዕቃ ያየ ሰው እንደተሰጣት ያውቃል፣ ሁለተኛው ሰው መጥቶ ደግሞ አይሰጣትም። ሰው የበዛበት ቤት ውስጥ ድመቷ ከሦስት ሰው ሦስት ቁርስ የምትበላበት ጊዜ አለና። ማዘኑን ማቆም ለማይችለው ደግሞ ከራሷ ምግብ ጥቂት ፍሬ ለብቻ ይቀመጥለት፤ እሷንም አይጎዳትም፣ እሱም በእጁ መስጠቱ ይበቃዋል። እርጥቡን ምግብ ከማቀዝቀዣ አውጥቶ እንደቀዘቀዘ ከማቅረብ ለብ ማድረግ ይሻላል፤ ሽታው ሲነሳ አልበላም ያለችው ትበላለች። ለሰው የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ደግሞ በምንም ምክንያት አይሰጣት፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

ውጭ ላለነው አንድ ነገር ይቀራል። እዚህ አብዛኛው ክሊኒክ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ሕክምና መጀመር አይወድም፤ ባለቤቱ ደግሞ አውሮፕላን ውስጥ ስልኩን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱ በእኔ ስም መወሰን እንደሚችልና እስከ ስንት ገንዘብ ድረስ እንደምከፍል ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ቅጂውን ክሊኒኩ ዘንድ አስቀድሞ ማስገባት ነው።