ከክብደቱ በፊት አረሩ ከምን እንደተሠራ እዩ
ለአጋዘን አደን ጥይት ስለመምረጥ ያነበብኩት ጽሑፍ የአረሩ ክብደት ላይ ብቻ ማተኮሩ ገርሞኛል። በ.308 ዊንቸስተር (የአደን ጠመንጃ ጥይት ዓይነት ነው) 150 ግሬይንም (የአረር ክብደት መለኪያ) ሆነ 165 አጋዘን ይጥላል። እኔ መጀመሪያ የማየው አረሩ ከምን እንደተሠራ ነው። የእርሳስ አረር አጥንት ሲመታ ይበታተናል። ብናኙ በዓይን አይታይም፤ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ወርቹን ለልጆች ልትጠብሱ ከሆነ ይታሰብበት! ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የእርሳስ ጥይትን በመላ ግዛቷ ለአደን ከልክላለች። ለዚህ አንዱ መነሻ ኮንዶር የሚባለው ትልቅ ጥንብ አንሳ በእርሳስ መመረዙ ነው።

በእርሳስ ምትክ ያለው የመዳብ አረር ግን ኪስ ይጎዳል። ፍጥነትም ይፈልጋል፤ ፍጥነቱ ቀንሶ ከደረሰ ጫፉ በደንብ ሳይከፈት በስቶ ያልፋል። ስለዚህ በመዳብ የሚፈጥነውን ቀለል ያለ አረር፣ 150 ወይም 130 ግሬይኑን ውሰዱ። ደግሞ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር በእርሳስ አስተካክላችሁ በመዳብ እንዳትወጡ፤ የሚያርፍበት ቦታ ሊለያይ ይችላል።